ክንዴን ያልለቀቀው ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ... ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ወንድ ጀርባ ላይ ተጣብቄ አንገቱን አንቄ ይዤ ነበር። እኔ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነኝ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ሥራዬ አትላስ አካባቢ ፀጉር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሹሩባ ስሠራ ወገቤ እያመመኝ ሲያስቸግረኝ፣ አንዲት ደንበኛዬ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለ ጂም ወሰደችኝ። ጁጂትሱ ነው የሚያሠሩት። እሷ በሁለት ሳምንቷ ተወችው፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ለማታውቁት... ቡጢም እርግጫም የለውም። ተያይዞ መሬት ላይ መታገል ነው፤ አንዱ ሲታነቅ ወይ ክንዱ ሲያዝ ያልቃል። ታዲያ ሰው እንዴት አይሰበርም ካላችሁ፣ አንድ ሕግ አለ። የተያዘው ሰው ሁለቴ መታ መታ ካደረገ፣ የያዘው ወዲያው ይለቃል። «ታፕ» እንለዋለን። ክርክር የለውም፣ «ቆይ ትንሽ» የለውም። ጥፍር መቁረጡ፣ ቀለበት ማውለቁ፣ በጫማ ምንጣፉ ላይ አለመውጣቱ... ሁሉም ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ናሆም የመጣው ከሦስት ወር በፊት ነው። ብረት ሲገፋ የኖረ፣ ደረቱ በር የሚያህል። አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን ሕጉን ሲነግረው እሱ ስልኩን ያያል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይስቃል፣ ያጫውታል። ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሲታገል ቀኝ ክንዴን በሁለት እግሮቹ መሃል አስገብቶ ዘረጋው። እሺ፣ ተይዣለሁ... ሁለቴ መታሁት። አልለቀቀም። ደግሜ መታሁት። ክርኔ ውስጥ ቀጭ ያለ ነገር ተሰማኝና ጮህኩ። ያኔ ለቀቀኝ።

አሰልጣኛችን ሮጦ ሲመጣ ናሆም፣ መምታቴ እንዳልተሰማው ነገረው። አሰልጣኙ የዚያን ቀን ከምንጣፉ አስወረደው፤ ይህ ነገር ከተደገመ በዚህ በር እንደማይገባም ነገረው። ናሆም ይቅርታ ጠየቀኝ። ግን እናቱ በግድ እንዳስባለችው ልጅ ዓይነት ይቅርታ ነበር።

ሐኪሙ ጅማቱ ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፀጉር ማድረቂያውን ፎን እንኳ ማንሳት አቃተኝ፣ የሰው ፀጉር ከማጠብ ውጪ ምንም አልሠራሁም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ አስቴር አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ «ልጄ፣ እጅሽ እኮ እንጀራሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ልተወው ወስኜ ነበር። ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ... ሕጉን የጠበቅኩት እኔ፣ የምወጣውም እኔ?

ክርኔ ሲድን ተመለስኩ። ለአሰልጣኛችን ከናሆም ጋር መታገል እንደማልፈልግ ነገርኩት። ማንንም እምቢ ማለት መብትሽ ነው፣ ምክንያትም አትጠየቂም አለኝ። ለሳምንታት ናሆም ሲጠይቀኝ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ አለፍኩት። እሱም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ መጣና ፊቴ ቁጢጥ አለ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ እሺ አልኩት።

«ግን ስመታህ ትለቃለህ።»

«እለቃለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እንደ ጀመርን ፍሬን እንደበጠሰ መኪና መጣብኝ። እኔ ከሥር ሆኜ ክንዶቼን ሰብስቤ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ደቂቃ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁት። አንዴ በሙሉ ኃይሉ ሲገፋኝ ወደ ጎን ሾልኬ ጀርባው ላይ ወጣሁ። ክንዴ አገጩ ሥር ገባ። አንዱን እጁን በእግሬ ቀርቅሬዋለሁ፣ ሌላው በራሱ አንገትና በእኔ ክንድ መሃል ተይዟል።

አጠበቅኩት።

አልዋሻችሁም... ክርኔ ትዝ አለኝ። ሦስቱ ሳምንት ትዝ አለኝ። በእጁ መምታት አይችልም፣ ድምፁም አይወጣም። ትንሽ ባቆየው ማን ያውቅብኛል?

ከዚያ በተረከዙ ምንጣፉን መታ ሲያደርግ ሰማሁት። ቀስ ያለች ናት። ሙዚቃ ተከፍቷል፣ ሌላ ማንም አልሰማም። አልሰማሁም ብል ያምኑኛል።

ሁለተኛዋን ሳልጠብቅ ለቀቅኩት።

ተንከባለለና አሳለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አየኝ።

«ሰማሽው እንዴ?»

«ሰማሁት።»

ማሸነፌ እንኳ ገና አልገባኝም ነበር። ልምምዱ አልቆ ሁላችንም ግድግዳውን ተደግፈን ስንሰለፍ ናሆም እጁን አወጣ። አሰልጣኙ ጥያቄ ያለው መስሎት ፈቀደለት።

«ያን ቀን ክንዷን ስይዝ... ስትመታኝ ተሰምቶኝ ነበር። ሁለቱም ጊዜ። አልተሰማኝም ያልኩት ውሸት ነው። ይቅርታ።»

የመጨረሻዋን ቃል ያላት ወደ እኔ ዞሮ ነው። ያ ሁሉ ሳምንት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳ ታወቀኝ። «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩት፣ ከልቤም ነበር። አሰልጣኛችን ማጨብጨብ ሲጀምር ሁሉም ተከተለው፤ ለማን እንደሚጨበጨብ ለማወቅ ዞር ዞር አልኩ፣ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ደረጃውን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው፣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ።

ሰኞ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ በመስታወቱ እያየችኝ ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ ፊትሽ የበራው አለችኝ።

«ቅዳሜ አንድ ሰውዬ አንቄ ለቀቅኩት» አልኳት... ሹሩባው እስኪያልቅ ትንፍሽ አላለችም።