ጥምጣሙ ለእኔ፣ መስቀሉ ለከድር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ መጣች፤ ለመስቀል ብላ ነጭ ካናቴራ ገዝታልኛለች። ደረቱ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል አለበት። «አባዬ፣ ክሮስ ስለሆነ ትወደዋለህ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን ታድርግ ልጅቷ! እኔ ግን ሳየው የአሳማ ስብ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ተመልሶ ገባና አንገሸገሸኝ።

በወጣትነቴ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ አንድ የድግስ አዳራሽ ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። የደሴው ጓደኛዬ ከድርም አብሮኝ ይሠራል። ሚስቱን ለማምጣት የቪዛ ፕሮሰስ ስለጀመረና ቋሚ ገቢ ማሳየት ስላለበት፣ ያቺን ሥራ ጥርሱን ነክሶ ነው የያዛት። አንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ የመንገዱ ዛፍ ሁሉ ቀልቶ፣ ማናጀሩ «ዛሬ የመካከለኛው ዘመን ግብዣ ነው» ብሎ ልብስ አደለን። ድሮ መስቀል ደረታቸው ላይ ሰፍተው ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሞች ሊነጥቁ የዘመቱ፣ መነኩሴም ወታደርም ነን የሚሉ የአውሮፓ ፈረሰኞች ነበሩ፤ እነሱን መምሰል ነው እንግዲህ። ከድር መልኩ ቀይ ስለሆነ፣ ልክ እንደ ሩት ካናቴራ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ቀሚስ ደረሰው። ለእኔ ለጠይሙ ደግሞ ጥምጣም ተጠመጠመልኝና «አንተ ሳራሰን ነህ» ተባልኩ። ፈረንጆቹ ያኔ ሙስሊሙን ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠሩት። ማተቤ አንገቴ ላይ እያለ!

«ቻለው፣ ለዛሬ ብቻ ነው» አልኩት ከድርን።

«ምን ምርጫ አለኝ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

እራት ላይ አንድ የሰከረ እንግዳ የአሳማ ጎድን አፌ ላይ ደቀነ። «ብላና ክርስቲያን ሁን! አለዚያ ፈረሰኛው አንገትህን ይቀላሃል!» ስቡ ከንፈሬ ላይ ተንጠባጠበ። የእኛ ሃይማኖት አሳማ መቼ ይፈቅዳል? «ኧረ በማርያም!» ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ማርያምን ስጠራ እንኳ «እውነተኛ ሳራሰን!» እያሉ አጨበጨቡ። አቤት ሲያስጠሉ! ማናጀሩም እየሳቀ ለከድር የእንጨት ሰይፍ አቀበለውና «ምታው» አለው።

ከድር ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ክርስቲያኑ እሱ ነው፤ ሙስሊሙ እኔ ነኝ» አላቸው በእንግሊዝኛ። ሳቁ ቀጥ አለ። ማናጀሩ በቁጣ በሩን አሳየው። ከድር ቀሚሱን አወለቀ፤ ቀስ ብሎ አጣጠፈና ወንበር ላይ አኖረው። እኔ ጥምጣሙን ወርውሬ ተከተልኩት።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ከንፈሬን በእጅጌዬ ደጋግሜ ጠረግኩ። «እንዲህ ተጫውተውብን ልብሳቸውን ታጣጥፍላቸዋለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«መስቀሉ'ኮ ያንተ ነው» አለኝ። «እንዴት መሬት እጥለዋለሁ?»

ሥራውን በማጣቱ የሚስቱ መምጫ ብዙ ተገፋ። እሱ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ይህን ስነግራት ሩት ፊቷ ተለዋወጠ። ካናቴራውን ጨምድዳ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደች። እነዚያን ፈረሰኞች ዛሬም ሳስባቸው ያስጠሉኛል፤ ማተብ ያለው ሰው አሳየን ብትሉኝ የማሳያችሁ ዛሬ ሎረል ከተማ የሚኖረውን ከድርን ነው።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «ወዲህ በይው፤ እኔ አጣጥፈዋለሁ።»