ከመኪናው ኋላ የተሳበው ፈረስ

ልጆቹ «ያንን የፈረሱን ነገር ይንገሩን» እያሉ ነዘነዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እያወራሁ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ሲል «እማ፣ ወደ ፈረሱ ይመለሱ» ትለኛለች።

የእህቴ ልጅ እንጅባራ ላይ ከንቲባ ነበር። ከቢሮ ሲወጣ ፈረስ የሚጋልብ ከንቲባ ነው፤ ቦይ በሚቆፈርበት ሁሉ እየደረሰ ከፈረሱ ሳይወርድ ከቆፋሪዎቹ ጋር ይከራከራል። እህቴ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። አንድ ክረምት ለፌደራል ሹመት ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ እየጋለበ እንዲሸኝ ተስማሙ። ፈረሱ ግላስ ለበሰ፣ ተጫነ፣ አማረበት።

ዝናብ መጣ። ከላይ የተላከው መኪናም ቸኮለ። ልጁ ሱፉን እንደለበሰ መኪና ውስጥ ገባ። ያጌጠው ፈረስ ቆሞ ሲቀር የፈረሱን ጠባቂ አላስችል አለው፤ ለፍቅር ብሎ ልጓሙን ይዞ ከመኪናው ኋላ ሳበው። ሊሸኙ የመጡት ፈረሰኞችም ተከተሉት።

በእኛ በአገው አገር እንዲህ የሚደረገው ባለፈረስ ሲሞት ነው። ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ፈረሱ አጊጦ፣ ከሬሳው ኋላ ይሳባል።

ጉም ወርዶ ነበር። መጀመሪያ እልልታው ቆመ። ኮቴ ብቻ ቀረ። ባጃጆቹ ዳር ይዘው ሞተር አጠፉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እሱን ያየ ሌላውም አወለቀ፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ዞር ብዬ እህቴን ባይ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃዋለች። መቼ እንዳዘቀዘቀችው ራሷም አላወቀች።

ጥቂት ቆይቶ ከጥሊሊ የምትመጣ የድንች ነጋዴ እህቴ ደጃፍ ላይ ቆማ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ልጄ ደህና ነው ብትላት አላመነችም፤ ፈረሱን በዓይኗ አይታለችና። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። ጎረቤት ሳንጠይቅ ንፍሮ ይልካል። እኛም፣ ምን ይባላል፣ ተቀብለን እንበላለን።

ልጁ ግን አለ፣ በቴሌቪዥን ይታያል። እህቴ ጠጋ ብላ ታየውና አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ድምፁ የሱ ነው። ዓይኑ የማን እንደሆነ እንጃ።»

እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። በደወለ ቁጥር የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ መጥቶ በዚያው መንገድ፣ ሰው እያየው፣ በፈረሱ ወደ ቤቱ እንዲገባ። እሱ ይስቃል፤ ስብሰባ አለብኝ ይላል። ፈረሱም ጋጣው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ሌላ ሰው ሊጭነው ሲል አይራገጥም፣ ይንቀጠቀጣል።

እሷ መክሳቷ ሲብስ፣ ልጁ እንደገና ከንቲባ ተደርጎ መጣ። ከተማው ሳቀበት፤ ከሚኒስትሮች ጋር ውሎ ተመልሶ የቦይ አለቃ ሆነ፣ ከላይ ያሉት ጣሉት፣ ተባለ። እሱ ግን በጥሊሊ መንገድ ጫፍ ከመኪና ወርዶ ፈረሱ ላይ ወጣ። መንገዱ በሰው ሞልቷል፣ ግን እልል ያለ የለም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያዩታል፤ ሲያልፍ መንገድ ይለቁለታል፣ ከሚገባው በላይ ይርቁለታል።

እህቴ ደጅ ወጥታ እርካቡን ያዘች።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«ሁለንተናህ?»

ወርዶ አቀፋት። በዚያ ቀን ከሱ ጋር ቀርባ በላች።

ዓመታት አለፉ። እህቴ አረፈች፤ እሱም ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተጠርቶ ሄደ። ሚስቱ እዚህ ለበዓል መጥታ ሳለ ነው የነገረችኝ። ያኔ የሻረው ማንም አልነበረም፤ እንዲያውም ቆይ ብለው ለምነውት ነበር። መልሱኝ ያለው ራሱ ነው። ከእኛ አገር ጉዳይ ይዞ ቢሮው የሚገባ ሰው ሁሉ ሰላም ሲለው፣ ሥጋ ለባሽ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይመስል፣ ክንዱን ዳሰስ ያደርገው ነበር አለች። ሲሰነብት እሱም የራሱን ክንድ መዳሰስ ጀምሮ ነበር።