አረፋውን እፍ የሚሉት አጎቴ

አጎቴ ጠላ ሲቀርብላቸው አረፋውን እፍ ይሉና ዋንጫውን ትክ ብለው ያዩት ነበር። አረፋው ተመልሶ ካልሸፈነው ጠማቂዋን ይጠረጥራሉ። ሊድሩኝ ባሰቡ ጊዜ በግ ገዢ መስለው ራቤል ከተማ፣ ያሰቡልኝ ልጅ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። የቀረበላቸውን ጠላ እፍ አሉ፤ አረፋው አልተመለሰም።

«ይሄ ጠላ ውሃ ነክቶታል» አሉ።

እናትየው «ኧረ በማርያም!» ብለው ሊምሉ ሲሉ ልጅቷ ቀደመች። «እኔ ነኝ አባባ፤ እንዳያንሰን ፈርቼ ጨመርኩበት።»

አጎቴ ዋንጫውን ጨለጡት። መንገድ ላይ «እሷን ነው የምታገባው» አሉኝ።

ትናንት ባለቤቴ ለአጎቴ የሙት አርባ የጠመቀችውን ጠላ ሰው ሁሉ አረፋውን እፍ ሳይል ጠጥቶ አመሰገናት። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

«የሚጠረጥረኝ እንኳ ሰው ጠፋ» አለችኝ።