የተጣበቁት ገጾች

እናቴ መቼ ነበር የምትተኛው? እህቴ ቬርና በየገናው ትጠይቀኛለች፤ እኔም በየገናው አላውቅም እላታለሁ። እኛ ወደ መኝታችን ስንሄድ እሷ ኩሽና ውስጥ ናት። ስንነሳ ምድጃው ነዷል፣ ዳቦው ወጥቷል፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ወደ ላይ ታስሯል። ስታዛጋ እንኳ አይቻት አላውቅም። ስትተኛ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ስሟ ኦሌታ ነው። ቤታችን በደቡብ ሚዙሪ ኮረብቶች መካከል፣ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ የሚዘጋበት ሸለቆ ውስጥ ነበር። አባታችን ዴልበርት እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራል። ልጆቹ ሦስት ነን፤ ትልቋ ቬርና፣ መካከለኛው እኔ፣ ትንሹ ኦሪን። ሦስታችንንም ያስተማረችን እናታችን ናት፣ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ። ይህ በኛ አካባቢ ማንንም አያስገርምም፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ቤተሰቦች እኩሌቶቹ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ቤት ነበር። ምክንያቱ ግን እንደየቤቱ ይለያያል። የእናቴ ምክንያት የኋላ ወንበር ነው። ልጅ ሳለች ከተማው ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጧት ነበር። አንብቢ ተብላ ስትቆም ቃል በያዛት ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እንደ በግ ይጮህባታል። ስምንተኛን ሳትጨርስ ወጣች።

«ልጄ ላይ እንደ በግ የሚጮህ አይኖርም» ትል ነበር፣ ሊጥ እያሸች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሮጌ መማሪያ መጻሕፍት ገበያ ይቆማል። ያንዱ ቤት ልጆች የጨረሱትን የሌላው ቤት ልጆች ይጀምሩታል። ስለዚህ በቤታችን እስክሪብቶ ክልክል ነበር። የሚጻፈው በእርሳስ፣ ያውም ሳይጫኑ ነው። ሐምሌ ሲመጣ በረንዳው ላይ ተደርድረን የዓመቱን መልስ ሁሉ በላጲስ እናጠፋለን። የላጲሱን ብናኝ እፍ ስንለው ዶሮዎቹ ጥሬ መስሏቸው ይሮጣሉ፤ ቀምሰውም ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ዛሬም የላጲስ ሽታ ሲደርሰኝ የሚታየኝ ያ በረንዳ ነው።

ገበያውን የምትመራው እህት ፐርዲ ነበረች፣ ሰባት ልጆች ቤቷ አስተምራ ያደረሰች፣ ድምፀ ጎርናና ባልቴት። ቬርና ለትምህርት ስትደርስ እናቴ እዚያ አንድ ሣጥን አየች፤ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ደረጃ የተሟላ የንባብ መጽሐፍ፣ በአንድ ዋጋ።

«እህት ፐርዲ፣ ይሄ ለሦስቱም ይበቃል?»

«ይበቃል። አንድ ኮትም ለሦስት ልጅ ይበቃል። ጣጣው እጅጌው ላይ ነው።»

«እጅጌ ማጠፍ እችላለሁ።»

«ማጠፉንስ ታጥፊዋለሽ» አለች እህት ፐርዲ። «የሚያጥረው ላይ ምን እንደምታደርጊ እንጃ።»

እናቴ ሳቀች፤ ሣጥኑንም ገዛችው። ያን ጊዜ እኔ ድክ ድክ እላለሁ፤ ኦሪን ገና ጨቅላ ነው።

ሣጥኑ ለቬርና ኮቱም እጅጌውም ልክ ሆነ። መጻሕፍቱን እየዋጠች ጨረሰቻቸውና ሌላ አምጡ ትል ጀመር። እኔ ንባቡ አልከበደኝም፤ ቁጥር ነበር የማይገባኝ። ሥዕል የበዛበት የሂሳብ መጽሐፍ ሲሰጡኝ ፊኛና ጥንቸሉን እያየሁ ጥያቄውን እረሳለሁ። እናቴ ባቄላ ትዘረግፍልኝና በእጄ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ያው ባቄላ ለእራት ይቀቀላል።

ኦሪን ግን አስደነቀን። ተራው ደርሶ መጽሐፉ ሲሰጠው እንደ ውሃ ፈሰሰ። አንደኛውን ጨረሰ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ገጹን በሰዓቱ እየገለበጠ፣ ነጥብ ላይ ትንፋሹን እየወሰደ ነው የሚያነበው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራች። «ኦሪንማ ብቻውን ነው የተማረው» ትላለች፤ ለወትሮው በልጅ የምትኩራራ ሴት አልነበረችም።

ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። በመጋቢት አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ተነሥቶ፣ አራተኛውን መጽሐፍ ያነብላታል። በጎርፍ ጊዜ የጌታውን ጫማ ፍለጋ ወንዝ ስለሚሻገር ውሻ የሚናገር ታሪክ ነው። እናቴ ድንች እየላጠች ትሰማለች። ኦሪን ገጽ ገለበጠ፤ ውሻው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ማዕበሉ ገፋው፤ ጫማውን በጥርሱ ያዘ፤ ወጣ፤ ተራገፈ። እናቴ ሌላ ገጽ ሲገለበጥ አልሰማችምና ድንገት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ኦሪን፣ ውሻው ጫማውን የያዘው የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

ጣቱን አሳረፈ። እናቴ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና በብርሃኑ በኩል ያዘችው። ሁለት ገጾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ከዓመታት በፊት ቬርና ቁርስ እየበላች ስታነብ የማሽላ ሽሮፕ አፍስሳበት ኖሮ እንደ ሙጫ ደርቋል። እናቴ የቢላዋዋን ጫፍ አስገብታ ቀስ ብላ ስታላቅቃቸው ወረቀቱ ተንጣጣ። ውሻው፣ ማዕበሉ፣ ጫማው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ኦሪን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸው ገጾች ውስጥ።

«እስቲ ይሄን ገጽ ከታችኛው መስመር ጀምረህ ወደ ላይ አንብብልኝ።»

ኦሪን ገጹን አየ፤ ከዚያ ቬርናን አየ።

«እንደሱ አድርጋ ቬርና አላነበበችውም» አለ።

ቬርና ሳቅ አመለጣት።

«አፍሽን ያዢ» አለቻት እናቴ፣ ሳትቆጣ። ድንቹን እንደተላጠ ትታ ወደ ዶሮ ቤቱ ወጣች። እዚያ ደፍ ላይ ተቀምጣ በመስኮት አየኋት፤ እንቁላል ልትሰበስብ አልነበረም።

ልጁ አላታለላትም። ከተወለደ ጀምሮ ያ ጠረጴዛ ሥር ሲጫወት፣ መጀመሪያ ቬርና፣ ቀጥሎ እኔ፣ እነዚያኑ መጻሕፍት ጮክ ብለን ስናነብ ሰምቷል። ማንበብ ማለት የሰሙትን መድገም መስሎታል። ለእያንዳንዳችን አዲስ መጽሐፍ የሚገዛ ቤት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር። የሸፈነው ያ ለሦስት የበቃው ሣጥን ነው።

ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገረችው። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ አልደበቀችም።

«ስምንት ዓመቱ ነው፣ ኦሌታ።»

«የወለድኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

«የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ድልድዩ ድረስ ይመጣል። እዚያ ለእንዲህ ያለ ልጅ የተማረ ሰው አላቸው።»

«የኋላ ወንበርም አላቸው።»

አባቴ በበቆሎ ዳቦው ሳህኑን ጠረገ፤ ጠርጎ ሳይበላው አስቀመጠው። ክፉ ሰው አልነበረም። መሰንጠቂያው ላይ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ያልቻለ ባልደረባው ጣቶቹን ሲያጣ ያየ ሰው ነው።

«እስከ ከርሞ ግንቦት» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ቤት ማንም ጮክ ብሎ አንብቦት የማያውቅ አንድ ገጽ ያንብብልኝ። ገጹን የምመርጠው እኔ ነኝ። ካቃተው መስከረም ላይ ድልድዩ ጋ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል።»

«የሕግ መጽሐፍ እንዳታመጣበት ብቻ።»

«የሕግ መጽሐፍ ከየት አባቴ አመጣለሁ።»

ኦሪን ይህን ሁሉ ሰምቷል። የሰማውን እንደማይረሳ ደግሞ አሁን ሁላችንም እናውቃለን።

ግንቦት ሲደርስ እናቴ ሣጥኑን ተሸክማ ወደ ምድር ቤቱ ተመለሰች። እህት ፐርዲ ገና ከደረጃው ላይ አየቻት።

«እጅጌው አጠረ?»

«ኮቱን ገልብጬ አልብሼው ኖሯል» አለች እናቴ፤ ስለ ተጣበቁት ገጾችም ነገረቻት። እህት ፐርዲ ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ሳቋ ሲያልቅ የእናቴን እጅ ያዘች።

በዚያ ቀን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ልጆች እንዳሏት ሆና ገዛች። ለቬርና ቤተ መጻሕፍት ያስወገዳቸው አሮጌ መጻሕፍት በካርቶን ሙሉ፤ ምንም ዓይነት ጥያቄና መልመጃ የሌለባቸው። ለእኔ ሥዕል የሚባል ነገር የሌለበት፣ በየገጹ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ያለው የሂሳብ መጽሐፍ። ለኦሪን ግን ብዙ ፈለገች። በመጨረሻ እህት ፐርዲ ከጠረጴዛው ሥር ጀርባው በፕላስተር የተያዘ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች።

«አራተኛው ልጄ እንዳንቺው ልጅ ነበር። ይሄ ግን ለልጁ አይደለም፤ ላንቺ ነው። እያንዳንዱን ትምህርት ቀድመሽ አንቺ ትማሪዋለሽ።»

«ለልጁስ የቱ ነው?»

«ዱቄት አለሽ አይደል?»

እናቴ የመጽሐፉን ዋጋ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እህት ፐርዲ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞራ ነበር።

እንግዲህ ያ ዓመት የበቆሎ ዱቄት ዓመት ነው። እናቴ ዳቦ መጋገሪያውን ትሪ ታመጣና ዱቄት ትነሰንስበታለች። ኦሪን ድምፁን እያወጣ ፊደሉን በጣቱ ይጽፋል፤ ትሪውን ነቅነቅ ሲያደርገው ይጠፋል፤ እንደገና ይጽፋል። ሁለት ፊደሎች ነበሩ ሆዳቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ የማይያዝለት። አንድ ወር ሙሉ እነሱ ላይ ቆየ። ትምህርቱ ሲያልቅ ዱቄቱ በቅቤና በወተት ይታሸና ይጋገራል።

«ዛሬ የትኛውን ፊደል ነው የምንበላው?» ትላለች ቬርና።

«ያንኑ የትናንቱን» ይላታል ኦሪን። «ገና አልበሰለልኝም።»

ሕግ ወጣ፤ ኦሪን የሚያነበውን ማንም ጮክ ብሎ አያነብም። ቬርና ጮክ ብላ ካላነበበች የማይጥማት ልጅ ስለሆነች ዶሮ ቤት ሄዳ ለዶሮዎቹ ታነባለች። አባቴ እንቁላል ሲበላ «የተማረ እንቁላል ነው፤ በአክብሮት ብሉት» ይለን ነበር። ቤቱ ዝም አለ። ከልጅነቴ የሚናፍቀኝ ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ ዓመት በፊት የነበረው የጠዋት ጫጫታ ነው። ሦስታችንም ባንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተን፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲያርም፣ እናቴ ከምድጃው «ቀስ፣ ቀስ» ስትል። ስህተት የነበረበት ጫጫታ ነው። ቢሆንም ይናፍቀኛል።

በኩሽናው በር ሥር ሌሊቱን ሙሉ የእናቴ ብርሃን ይታይ ነበር። የነገውን ትምህርት እያጠናች ነው። አንዳንዴ በግድግዳው በኩል ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ቃሉን እየሰባበረች፣ እንደገና እያጋጠመች፣ ልክ እንደ ኦሪን። በልጅነቷ ክፍሉ በሙሉ ለምን እንደጮኸባት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ዓመት የተማሩት ሁለት ነበሩ።

ግንቦት መጣ። በአንድ ቅዳሜ አባቴ ከመሰንጠቂያው ቀደም ብሎ ተመለሰ፤ ምሳ በላን። ከዚያ ወደ ፒክአፑ ሄደና ከወንበሩ ሥር አንድ ቀጭን፣ ዘይት የጠጣ መጽሐፍ ይዞ መጣ። የሞተር መጋዙ መመሪያ ነው።

«ዴልበርት» አለች እናቴ።

«የሕግ መጽሐፍ አይደለም» አለ አባቴ። «እዚህ ቤት ይቺን ጮክ ብሎ ያነበባት የለም። ቀስ ብሎም ያነበባት የለም።»

ሥዕል የሌለበት ገጽ መርጦ ገለጠ። ኦሪን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ልትረዳው አይፈቀድም፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ሰ... ሰን...» አለ ኦሪን። ግራ እጁ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሱሪው ላይ፣ ዱቄት ላይ እንደሚጽፍ ሁሉ እያንዳንዱን ፊደል ይጽፋል። «ሰንሰለቱ ሲላላ... ሞተሩን አጥፋ። ሞተሩ ሳይ... ሳይቀዘቅዝ ሰንሰለቱን አትንካ።»

እንደ ውሃ አልፈሰሰም። ድንጋይ እንደሚያወጣ ሰው ነበር፤ አንዱን ይጎትታል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ሌላው ይመለሳል። መካከል ላይ አንድ ረጅም ቃል ገጠመው።

«እሷን ዝለላት» አለ አባቴ።

«አልዘላትም።» ቆራረጣት፤ ከጭኑ ላይ አጠፋት፤ እንደገና ጻፋት። «ካር... ካር-ቡ... ካርቡሬተር።»

አባቴ አንገቱን አስግጎ ገጹን አየ። «ስንት ዓመት ስፈታትና ስገጥማት ኖሬ እንዲህ እንደምትጻፍ ዛሬ ማወቄ ነው» አለ። ኦሪን አልሳቀም፤ ገና አልጨረሰም። እስከ መጨረሻው መስመር ሄደ። የመጨረሻውን ነጥብ በጣቱ ነካና ቀና አለ።

አባቴ መመሪያውን ከደነው፤ በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«በሉ እንግዲህ፣ አውቶቡሱ ይለፍ» አለ። «ሰማሽ፣ ኦሌታ?»

ዞር አልን። ራሷ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፤ አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ ከጉንጉኗ አንድ ዘለላ ወጥቶ ትንፋሿ ያወዛውዘዋል። የቱ ቃል ላይ ሲደርስ እንደተኛች አናውቅም። ቬርና ካርቡሬተር ላይ ነው ትላለች። እኔ ግን ከዚያ በፊት ይመስለኛል፤ አልዘላትም ያለ ጊዜ።

ኦሪን ሊቀሰቅሳት ተነሣ። አባቴ እጁን ያዘው፤ የራሱን ጃኬት አምጥቶ ጉልበቷ ላይ ጣለና ጫማውን አውልቆ በካልሲ ወጣ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።