በገዳሪፍ የጠቀለልኩት የውሃ ጎማ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከመተማ ተሻግሬ ገዳሪፍ እንደገባሁ፣ እህል ወደ ስደተኛ ካምፖች የሚያመላልሱ መኪኖች በሚያድሩበት ግቢ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የግቢው ዋና መካኒክ ኡስታ ሐሰን የሚሉት ሱዳናዊ ነበር። ከሐበሻ ጋር ብዙ ዘመን ስለሠራ አማርኛ ይሞክራል።

በመጀመሪያው ቀን "ሸበጥህን አውልቅ" አለኝ። አወለቅሁ። ሸበጡን መሬት ላይ አስቀመጠና የማጠቢያ ማሽኑን አስነስቶ የውሃ ሽጉጡን ምላጭ ሳበ። ሸበጤ ለሁለት ተከፈለ። ያለኝ ጫማ እሱ ብቻ ነበር። ውሃ እንዲህ ሲቆርጥ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"እግርህ ውስጡ ቢሆንስ?" አለኝ። ከመጋዘን አሮጌ ቦቲ አምጥቶ ሰጠኝ።

ቀጥሎ ያሳየኝ ውሃውን ከማሽኑ ወደ ሽጉጡ የሚያደርሰውን ጎማ ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር መቶ ሃምሳ ነበር፤ ጎማው ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ። "የጎማው ቁጥር ከማሽኑ ካነሰ እንዳትገጥመው" አለኝ። ቁራጭ ጎማ አንስቶ ውስጡን አሳየኝ፤ በላስቲኩ መሃል ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። ገበያ ላይ የሚሸጠው የአትክልት ጎማ ግን መሃሉ ክር ነው። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

አብረውኝ የሚያጥቡት አያ ታፈረ ይባላሉ። የቋራ ገበሬ ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ካምፕ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ለእሳቸው እያንዳንዱ መኪና የቤታቸው እንጀራ ነው። መኪና ሲዘገይ በሩ ድረስ ሄደው መንገዱን ያያሉ።

አንድ ቀን ኡስታ ሐሰን መለዋወጫ ሊያመጣ ከሰላ ሄዶ ሳለ፣ ሰባት መኪኖች ፋው ከምትባል ከተማ ባንዴ ገቡ። ለጥጥ እርሻ የሚረጭ የተባይ መድኃኒት አራግፈው ነው የመጡት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሳይታጠቡ እህል አይጫንባቸውም። ከሰባቱ አንዱ ወደ ግቢው ሲገባ ጎማችንን ረግጦት አለፈ። አንስቼ ሳየው የላይኛው ላስቲክ ተልጦ ሽቦው ይታያል።

ለግቢው ሙዲር፣ ማለት ለሥራ አስኪያጁ፣ ሄጄ ነገርኩት።

"አዲስ ጎማ አለ?"

"የለም። ከፖርት ሱዳን ነው የሚመጣው" አለኝ።

"እንግዲያው ሥራው ይቁም።"

"ካምፑ እህል ካየ አራት ቀኑ ነው። አንተ ታውቃለህ" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እጠብ አላለኝም፤ ተው አላለኝም።

እኔ ነኝ የጠገንኩት። ካሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ቀድጄ የተላጠውን ቦታ ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩት፤ በሽቦ አስሬ በፒንሳ አጠበቅሁት። አያ ታፈረ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

"ይይዛል?" አሉኝ።

"ይይዛል" አልኳቸው።

ሁለት መኪና አጠብን። ሦስተኛው ላይ ፉጨት ሰማን። አያ ታፈረ ቀዳዳውን ሊፈልጉ ጎማውን በግራ እጃቸው ጨበጡት።

"ውይ! ነከሰኝ" አሉ።

ማሽኑን አጥፍቼ ሮጥኩ። ከሌባ ጣታቸው ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አየሁ። ደም የለም። ሳቁ። "እሾህ ነው እንዴ? እኔ እኮ እባብ መስሎኝ!" አሉ። እኔም ሳቅሁ። የጎማውን ቦታ እንደገና ጠቀለልኩትና ሽጉጡን እኔ ይዤ አራተኛውን መኪና አጠብን። ይህን ስናገር ዛሬም አንገቴ ይሞቃል።

ምሳ ላይ ዳቦ መያዝ አቃታቸው። እጃቸው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ጣታቸው አመድ መስሏል። ሰፈር ካለው ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ፋሻ የሚያስረው ሰውዬ ነጥቧን አይቶ አዮዲን ቀባቸው። "ለዚህ ነው የመጣችሁት?" አለና ሦስት ኪኒን ሰጥቶ ሸኘን። እኔም አመንኩት። ቁስሉ አይታይማ።

ወደ ማታ ኡስታ ሐሰን ከከሰላ ተመለሰ። እጃቸውን ሲያይ የያዘው ዕቃ ወደቀ።

"ጎማው ነው የወጋቸው? ውሃው ቆዳው ውስጥ ገብቷል እኮ!" ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ራሱ እየነዳ ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሙ እጃቸውን ከጣቱ ሥር እስከ አንጓው ከፈተው። እኔ እግራቸውን ይዤ ነበር። ከውስጥ የወጣው የሳሙና ውሃ ነው፤ መርዝ ባለበት እጣቢ ላይ ሲጎተት በዋለው ጥቅል ውስጥ አልፎ ስለወጣ መኪናው የሚሸተውን ይሸታል። በዚያች ነጥብ ያን ያህል ነገር መግባቱን ባይኔ እያየሁ ማመን አልቻልኩም።

"በወጋቸው ሰዓት ብታመጡዋቸው ጣቶቹን አተርፋቸው ነበር" አለ ሐኪሙ። ሁለት ጣት ቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ገባሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ታስሯል።

"መኪኖቹ ሄዱ?" አሉ።

"ትናንት ሄዱ፣ አያ። ሐሰን ከሌላ ግቢ ጎማ ተዋሰ።"

"ደግ።" የታሰረውን እጃቸውን አዩት። "ይይዛል ብለኸኝ ነበር፣ ዘውዱ።"

"በድያለሁ" ብቻ አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ካምፑ ውስጥ በዘገዩት ቀኖች ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ኡስታ ሐሰን አልገሠጸኝም። ያን ጎማ በመጋዝ ክንድ በክንድ ቆራርጦ ጣለው፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠግነው። ለአያ ታፈረ ተሟግቶ የበር ጥበቃ ሥራ አስገኘላቸው። እሳቸውም ከስድስት ወር በኋላ ያናግሩኝ ጀመር። ስለ እጃቸው ግን ከእኔ ጋር አንድም ቀን አላወሩም።

እኔ በኋላ ኒው ሀልፋ ከተማ ወርጄ የማጠቢያ ክፍል አለቃ እስከመሆን ደረስኩ። ጎማ ሁልጊዜ ራሴ ነበርኩ የምመርጠው። ቁጥሩን አነባለሁ፣ መጋጠሚያውን አያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ርዝመቱን ሙሉ በዓይኔ እሄድበታለሁ። ያበጠ፣ የተላጠ ወይም የታጠፈ ካገኘሁ ያ ጎማ አይሠራም።

ግፊት የሚሸከም ጎማ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ሲያፈስ በእጅ አይዳሰስም፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ ምላጩ ተስቦ የቀረው ግፊት ይወጣል፣ ከዚያ ይታያል። ውሃው የወጋው ሰው ባይደማም፣ ባያመውም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ግፊት ያለው ውሃ እንደወጋውም ለሐኪሙ ይናገራል።