የሚስ ላታ ስኒዎች

ዛሬ መስቀል ነው። ኪጋሊ ግን ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ እንደ ወትሮው ሳስተምር ውዬ ብቻዬን ወደምኖርበት ቤት ተመለስኩ። ደረጃውን ስወጣ ከጎረቤቴ ቤት የጋለ ዘይት ሸተተኝና ልቤ አርባ ምንጭ፣ ሚስ ላታ በር ላይ ደረሰ።

ሚስ ላታ ሒሳብ ልታስተምር ከሕንድ መጥታ እኛ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር መምህርት ነበረች። አንድ ቀን ቤት ለቤት እየዞረች ስኒ ተዋሰች። “የአገሬ በዓል ነው” ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። እናቴ እንግዳ የሚጎርፍላት መስሏት ያሉንን ስድስቱንም አውጥታ ሰጠቻት።

ሲመሻሽ ማንም አልመጣም። ስኒዎቻችን ዘይት ተሞልቶባቸው፣ የጥጥ ፈትል ገብቶባቸው በረንዳዋ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይበራሉ። እሷ አጠገባቸው ብቻዋን ተቀምጣለች።

ፈትሉን የሰጧት የጨንቻዋ እማማ ወርቅነሽ ነበሩ። ባጥር በኩል አዩና ነጠላቸውን ደረቡ።

“ስኒያችን በዓል ሄዶ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን? ተነሡ እንጂ!” አሉ።

ሰፈሩ ቆሎውንም ሙዙንም ይዞ ተከተላቸው። ሚስ ላታ ስታየን እየሳቀች አለቀሰች።

ያን ሁሉ ስኒ የፈለገችው ለዘይቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ።

የጎረቤቴን በር አንኳኳሁና ስኒ እንድታውሰኝ ጠየቅኳት።

“ደስ ይለኛል፤ ስንት እንግዳ አለሽ?” አለችኝ።

የእኔዎቹ ስኒዎች ታጥበው ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ምን ብዬ ልመልስላት?