ከኋላሽ ሰው አለ?

ሀኒፋ የጎረቤቷን ሽማግሌ ስም አታውቅም። በዚያ ሁሉ የቡሪ ሰፈር ሐሩር የሱፍ ኮቱን አያወልቅም። በጎረምሳነቱ ካርዲፍ በሚባል የዌልስ ወደብ ከሰል ይጭን ነበር አሉ፤ የግራ ትከሻው ዛሬም ዘመም እንዳለ ነው። ከተማዋን ጦርነት ከያዛት ወዲህ ደጁ ላይ ተቀምጦ፣ ሻንጣ ይዞ የሚወጣውን ሁሉ «ከኋላህ ሰው አለ?» ሳይል አያሳልፍም።

የሸሹት አሠሪዎቿ ጠብቂ ብለው የተዉላትን ቤት ቆልፋ ስትወጣ እሷንም አስቆማት።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ካርዲፍ በከሰል ከበረ። ዓለም ፊቱን ወደ ነዳጅ ሲያዞር ወደቡ ጭር አለ። የመጨረሻዋን መርከብ ስንጭን፣ የመጨረሻዋ መሆኗን የነገረን የለም፤ ‹ነገ እንገናኝ› ተባብለን ተለያየን። ከኋላሽ ሰው አለ?»

ሀኒፋ ዞር ብላ ወፍ ዝር የማይልበትን መንገድ አየች።

«አለ፣ ያ ሐጅ። ሞልቷል።»

ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» አለና፣ ለሚመጡት መንገድ ሊለቅ በርጩማውን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገ።